በአንዲት ሴት ቃል የተሸጡ መቶ አርባ ሦስት ማሽኖች

ድርጅቱ ሊዘጋው የቆረጠውን የጌም ማሽን ዋጋውን በሲሶ ቀንሶ፣ ሁለት ጌም መርቆ፣ በአንዲት ሻጭ ቃል ለመቶ አርባ ሦስት ቤተሰብ ሸጠ። ሻጯ ማሽኑ እንደሚዘጋ አታውቅም ነበር። ድርጅቱ ያውቅ ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝሩ ነው።

ሴትየዋ በኤሌክትሮኒክስ መደብሩ ሁለተኛ ፎቅ፣ በቴሌቪዥኖቹና በልብስ ማጠቢያዎቹ መካከል በተወሸቀችው የጌም ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆማለች። ቆማለች ሲባል በእግሯ ነው፤ ከባንኮኒው ፊት የነበረችው አንዲት በርጩማ የገዢ እንጂ የእሷ አልነበረችም። ደንቧ አይነቃነቅም፤ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ጆይስቲኩን ጨብጦ አሥር ደቂቃ ያልተጫወተ ሰው ከእሷ እጅ ማሽን አይገዛም። «ገንዘብዎን ኋላ ያወጡታል፤ መጀመሪያ ይሞክሩት» ትላለች። የቸኮለው ይቆጣል፣ ያፈረው ይሽኮረመማል፣ እሷ ግን ወይ ፍንክች። ከዚህ የተነሣ ሠፈሩ ሁሉ የወጣላትን ስም ረስቶ «እትዬ ሞክሩት» ይላታል።

ሌላም ልማድ ነበራት። ሽያጩ ሲያበቃ የካርቶኑን ክዳን ትገለብጥና በውስጥ በኩል፣ በወፍራም እስክሪብቶ፣ የራሷን ስልክ ቁጥር ትጽፋለች። ከሥሩ «አልሠራ ካለ ለእኔ ይደውሉ» ብላ ትፈርማለች። ይህን እንድታደርግ ያዘዛት የለም። የጀመረችው ገና በመጀመሪያው ዓመቷ፣ አንዲት አሮጊት የዋስትናውን ካርድ ማንበብ አቅቷቸው ሦስት ጊዜ ደረጃ ሲወጡና ሲወርዱ አይታ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ የደወለላት ሰው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ገመዱን ሳይሰካ የደወለ ነው።

አዲሱ ማሽን መደብሩ የገባው በሆይ ሆይታ ነበር። ጥቁር፣ ዝርግ፣ ዳር ዳሩን ሰማያዊ መብራት የሚዞረው ውብ ዕቃ ነው፤ ማንም አላማውም። በስምንት ወር የተሸጠው ግን ሃያ ስድስት ብቻ ነበር። ምክንያቱን እትዬ ሞክሩት ከማንም ቀድማ ያወቀችው በበርጩማዋ ነው። ሰው ይቀመጣል፣ ይጫወታል፣ ይደሰታል፤ ከዚያ ቀና ብሎ «እሺ፣ ሌላስ ምን አለው?» ይላል። ሌላ የለውም። አሥራ አንድ ጌም ይዞ መጣ፣ በስምንት ወር የተጨመሩለት ሦስት ናቸው። ጌም ሠሪዎቹ አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ተፎካካሪው ማሽን አዙረዋል።

በወሩ ሦስተኛ ሰኞ ጠዋት የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ሠራተኞቹን ሰበሰበ። ይህ ሰው ከአሥር ዓመት በፊት ሻጭ ሆኖ ሲቀጠር ጆይስቲክ እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረችው እሷ ነበረች፤ እሱ በአንቱታ ይጠራታል፣ እሷም እንደ ታናሽ ወንድሟ «አንተ» ትለዋለች።

«ከዛሬ ጀምሮ ዋጋው በሲሶ ይቀንሳል» አለ እጁን እያፋተገ። «በዚያ ላይ ሁለት ጌም በነጻ! ሁሉም በአንድ ጥቅል። ፎቁ በሰው ይጥለቀለቃል።»

«ጌሞቹ የት አሉ?» አለች እትዬ ሞክሩት።

«ካርቶኑ ውስጥ ናቸዋ።»

«ካርቶኑን ከፍቼ አይቼዋለሁ። ያለው ወረቀት ነው።»

«ኮድ ነው፣ እትዬ። ኮዱን ያስገባሉ፣ ጌሙ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ሲዲ እኮ ድሮ ቀረ።»

እሱ ያልጨመረውን እዚህ ላይ መጨመር ያስፈልጋል። በኮድ የወረደው ጌም በተከፈተ ቁጥር ማሽኑ የድርጅቱን ኔትወርክ ፈቃድ ይጠይቃል። ኔትወርኩ ፈቃድ ካልሰጠ ጌሙ አይከፈትም። ስለዚህ ገዢው በእጁ የሚገባው ጌሙ ሳይሆን ድርጅቱ እስከፈለገ ድረስ ብቻ የሚቆይ ፈቃድ ነው።

«እንግዲህ ስማኝ» አለች። «ዋጋ መቀነሱን አልጠላሁም። የዛሬ ስድስት ዓመት ያ ነጩ ማሽን እንዲሁ ተኝቶ ዋጋው ሲወርድ ብድግ ብሏል፤ እኔው ነኝ የሸጥኩት። ያኔ ግን ሠላሳ ጌም እየመጣ ነበር፣ ሰውን ያስቀረው ዋጋው ብቻ ነበር። ይህንን ግን ጌም ሠሪዎቹ ጥለውት ሄደዋል። በግማሽ ብታደርጉትስ ምን ዋጋ አለው? ሰው ካርቶን አይጫወት!»

ሠራተኛው በሳቅ ፈነዳ። ሥራ አስኪያጁም አብሮ ሳቀ።

«ገዢው ከበዛ ሠሪዎቹ ይመለሳሉ። ቅናሹ እኮ ለዚህ ነው፣ እትዬ።»

ምክንያቱ ውሃ የሚቋጥር ነበር፤ ማሽን ሰው ሲይዝ ሠሪ እንደሚከተለው በዓይኗ አይታለች። አንድ ነገር ግን ቀራት።

«ድርጅቱ ሊተወው ነው የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። በርጩማዬ ላይ የሚቀመጠው ሰው ‹ይቀጥላል ወይ?› ቢለኝ ምን ልበል?»

«ይቀጥላል ይበሏቸው። በእኔ ይሁንብዎ።»

ይህን ቃል አሥራ አራት ሠራተኛ ሰምቷል።

በዚያው ሳምንት ከመጡት ገዢዎች መካከል ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌርና ባለቤታቸው ነበሩ። ከተመረቁት ሁለት ጌሞች አንዱ የመኪና ውድድር ነው። ሾፌሩ በርጩማዋ ላይ ተደላድለው ተቀመጡ፣ ጆይስቲኩን እንደ መሪ ከደረታቸው አስጠጉት። ውድድሩ ተጀመረ። ሌሎቹ መኪኖች እንደ ጥይት ተወነጨፉ፤ የእሳቸው መኪና ቀኟን ይዛ ቀስ እያለች ቀጠለች።

«ይንዱት እንጂ አባባ፣ ውድድር ነው!» አለች እትዬ ሞክሩት።

«መታጠፊያ ላይ ፍጥነት አይጨመርም።»

«አርባ ዓመት ይኸው ነው» አሉ ባለቤታቸው። «ለሠርጋችንም ዘግይቶ ነው የደረሰው።»

«ዘገየሁ እንጂ ቀረሁ?»

በመጨረሻ ደረጃ ጨረሱ። ግን ሲነሡ ፊታቸው በርቶ ነበር፤ «አንድም አልገጨሁም» አሉ፣ ደጋግመው። ባለቤታቸው እትዬ ሞክሩትን ወደ ዳር ሳብ አደረጓት።

«እግሩን ከታመመ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ነው የሚያየው። እኛ እንደ ወጣት በየዓመቱ ዕቃ አንለውጥም፤ ይቀጥላል ወይ ይህ ነገር?»

«ይቀጥላል» አለች፣ አፏን ሞልታ። ክዳኑን ገልብጣ ስልኳን ጻፈችና ፈረመች።

በአምስት ሳምንት ውስጥ በዚህ ዓይነት መቶ አርባ ሦስት ማሽን ተሸጠ። ማሽኑ እንደ አዲስ የተወለደ መሰለ። የድርጅቱ መጽሔት ፎቶ አንሺ ልኮ እትዬ ሞክሩትን ከባንኮኒው ጀርባ ፎቶ አስነሣት፤ የተጻፈበትን ክዳን ከፍ አድርጎ ወደ ፎቶ አንሺው ያዞረው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው። ከፎቶው ሥር የታተመው ቃል «የድርጅታችን ቃል በዚህች እጅ ተጽፏል» ይላል። ገጽ አራት ላይ ይገኛል።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት፣ ስልኳ ጮኸ። ሾፌሩ ናቸው።

«እትዬ ሞክሩት፣ ማሽኑ ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ አወጣ። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት፣ ባለቤቴም አነበበችው፤ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ስሕተት ሳንሠራ አልቀረንም።»

«ምን ይላል አባባ?»

«‹አገልግሎቱ ከዘጠና ቀን በኋላ ይቋረጣል። በኮድ የተገኙ ጌሞች ከዚያ በኋላ አይከፈቱም።› ይላል። የኛን ማሽን ማለቱ አይደለም አይደል?»

መልስ ሳትሰጥ ሌላ ስልክ ገባ። እስከ ሥራ መውጫ ሠላሳ ሰባት ሰው ደወለ። አንዳንዱ ሰደባት፤ አንዳንዱ ይቅርታ እየጠየቀ ጠየቃት፤ የኋለኛው ባሰባት።

በማግስቱ የመጋዘኑ ኃላፊ በዕቃ ማንሻው በኩል ጠርቶ አንድ ወረቀት አስጨበጣት። «እኔ አልሰጠሁሽም፤ መሬት ላይ ነው ያገኘሽው» አላት። ከዋናው መሥሪያ ቤት ለቅርንጫፉ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። ሦስት ዓረፍተ ነገር አለው፦ የማሽኑ አገልግሎት ይዘጋል። ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በቅናሽና በጥቅል መጋዘኑ ባዶ ይሁን። ለሻጮች አይነገር። ከሥሩ የተረከበው ሰው ፊርማና ቀን አለ። ፊርማው የሥራ አስኪያጁ ነው። ቀኑ ያን የሰኞ ስብሰባ በአሥራ አንድ ቀን ይቀድማል።

ቢሮው ገብታ ወረቀቱን ከፊቱ ዘረጋችው። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«እትዬ፣ እኔ ተቀጣሪ ነኝ። እንደ እርስዎ።»

«እንደ እኔ አይደለህም። እኔ አላውቅም ነበር።»

«ካርቶኑ ሥር ተጽፏል እኮ። ‹አገልግሎቱ ሊቋረጥ ይችላል› ይላል።»

«ያንን ጽሑፍ ከጉንዳን በቀር ማን ያነበዋል? ደግሞ ‹ሊቋረጥ ይችላል› ነው የሚለው። አንተ ዘንድ የመጣው ‹ይዘጋል› ነው። ማሽኖቹን ተረከቡ፤ የሰዉን ገንዘብ መልሱ።»

ሥራ አስኪያጁ መሳቢያውን ከፈተ። አንድ ቅጽ አወጣ፤ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ነው። «ማሽኑ ይቀጥላል ያልኩት በራሴ ግምት ነው፤ ድርጅቱ እንዲህ በይ አላለኝም» ይላል፤ ለፊርማዋ ቦታ ተትቶለታል። ከፈረመች የልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ትሆናለች፤ ወንበር ያለው ቦታ ነው። ድርጅቱም በራሱ ወጪ አዲስ ስልክ ቁጥር ያወጣላታል።

«ካልፈረምኩስ?»

«ክዳኑ ላይ ያለው ስልክ የማን ነው፣ እትዬ? የድርጅቱ ነው? ፊርማውስ? ሕግ ክፍሉ ‹ሠራተኛዋ በግሏ የሰጠችው ዋስትና ነው› ብሏል። ለእርስዎ ብዬ ነው የምነግርዎ።»

«ክዳኑን ወደ ፎቶ አንሺው ያዞርከው አንተ ነህ።»

ሥራ አስኪያጁ ቅጹን ወደ እሷ ገፋው። «እስከ ቅዳሜ ያስቡበት» አለ። ቅጹንም ደብዳቤውንም ይዛ ወጣች።

እንግዲህ የቀረበላትን ነገር በትክክል መመዘን ይገባል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጻፈን ቃል በአንድ ፊርማ ውሸት እንድታደርገው ተጠየቀች፤ ለዋጋው ወንበር ተሰጣት። የዘረፈው ድርጅት በተዘረፉት ሰዎች ፊት ሌባዋ እሷ እንድትሆን ፈለገ፤ እሱንም በገዛ እጇ ጽሑፍ።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቤታቸው ውስጥ በመስኮቱ ሥር ነው የሚሠራው። ሐሙስ የዕረፍት ቀኗ ስለነበር ቅጹን አሳየችው። የስፌት መኪናውን ሳያቆም በአንድ ዓይኑ አነበበው።

«ፈርሚና ተገላገይ። ስልክ ቁጥር እኮ የሥጋ ዘመድ አይደለም፣ ይቀየራል።»

«ቀይሬስ? ሾፌሩ ገበያ መሃል ቢያገኙኝ ምን ልበላቸው?»

«ጤና ይስጥልኝ በያቸዋ።»

«አንተ ሰውዬ! የሰፋኸው ሱሪ ተተርትሮ ደንበኛህ ሲመጣ መስኮቱን ትዘጋበታለህ?»

«እኔ የሰፋሁት አይተረተርም!»

«እኔም እንዲሁ ነበር የምለው።»

መኪናው ቆመ። ባሏ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ የጀመረውን እጅጌ ገለበጠ፣ መልሶም ገለበጠ።

«እሺ» አለ። «ግን ሲያባርሩሽ እዚህ መጥተሽ እንዳታፈጥጪብኝ። ቁልፍ መትከል አስተምርሻለሁ።»

«መርፌ ውስጥ ክር አስገቢልኝ እያለ የሚለምነኝ ሰው ነው የሚያስተምረኝ?»

«እሱ ሌላ ነገር ነው። እሱ የዓይን ጉዳይ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት ፎቁ ላይ አዲስ ማስታወቂያ ተሰቅሎ አገኘች። ዋጋው ወደ ግማሽ ወርዷል፤ የተመረቁት ጌሞች ሦስት ሆነዋል። መጋዘኑ ውስጥ አርባ ካርቶን ቀርቶ ነበርና። የመዘጋቱ ማስታወቂያ የሚወጣው ኢንተርኔት በተገናኙ ማሽኖች ስክሪን ላይ ብቻ ነው፤ ከካርቶን ያልወጣ ማሽን ምንም አይናገርም። ድርጅቱ በዚህ ላይ ነበር የተማመነው። ሥራ አስኪያጁም ሻጮቹን ዞሮ «ካልተጠየቃችሁ አትናገሩ» ብሎ አስጠንቅቋል።

እትዬ ሞክሩት ባንኮኒዋን ወለወለች፣ ቆመች። የመጀመሪያዋ ገዢ ከሆስፒታል ተረኝነቷ ወጥታ በዚያው የመጣች ነርስ ነበረች።

«ጥሩ ነው?» አለች ነርሷ።

«ቁጭ ይበሉ፣ ይሞክሩት።»

አሥር ደቂቃ ሙሉ አጫወተቻት። አንድም አላጓደለችም፤ የጆይስቲኩን አያያዝ አሳየቻት፣ ስትሸነፍ አበረታታቻት። ነርሷ ቦርሳዋን ስትከፍት እትዬ ሞክሩት በዚያው ድምፅ እንዲህ አለች፦

«ማሽኑ ጎበዝ ነው። ከሰማንያ ስድስት ቀን በኋላ አገልግሎቱ ይዘጋል። ያን ጊዜ እነዚህ ሦስቱ ጌሞች አይከፈቱም። ድርጅቱ ያውቃል።»

«ታዲያ ለምን ይሸጡታል?» አለ ከኋላ የቆመ ሰውዬ።

«እኔ እየሸጥኩ አይደለም፤ እየነገርኩ ነው። ቀጥሎ የሚሞክር ማነው?»

ሰዉ መቀመጡን አልተወም፤ እንዲያውም ተሰለፈ። ተራው የደረሰ ይጫወታል፣ ይሰማል፣ ያመሰግናታል፣ ይሄዳል። ቴሌቪዥን ሊገዛ የመጣው ሁሉ ጆሮውን ወደዚያ ጣለ። እስከ ስድስት ሰዓት ከአርባው ካርቶን አንድም አልተነካም። በስድስት ሰዓት ከሩብ ሥራ አስኪያጁ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።

«እትዬ፣ ቢሮ ይምጡ።»

«ሰው አለኝ።»

«አሁን!»

«እዚሁ ንገረኝ። ‹በእኔ ይሁንብዎ› ያልከኝም በሰው ፊት ነው።»

ፊቱ ደም መሰለ። ሰልፉን አየ፤ ሰልፉም አየው።

«ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ የድርጅቱ ሠራተኛ አይደሉም» አለ።

ያልፈረመችውን ቅጽ ከኪሷ አውጥታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብላ አነበበችው። የዋናውን መሥሪያ ቤት ደብዳቤም አስከትላ አነበበች፤ ቀኑንም ሳትዘል። ሁለቱንም አጣጥፋ ወደ ኪሷ መለሰች። ከዚያ ተራው ደርሶ በርጩማዋ ላይ ለተቀመጠው ሰውዬ የጀመረችለትን ማብራሪያ ጨረሰች፣ የሠራተኛ መታወቂያዋን ከአንገቷ አውልቃ ባንኮኒው ላይ አኖረች፣ ወጣች።

ስልኳን አልቀየረችም። የሚደውለውን ሁሉ ተቀበለች፣ ያልደወለውን በሚያውቀው ሰው በኩል አፈላልጋ አገኘች። ከመቶ አርባ ሦስቱ ቤተሰብ መቶ አሥራ ሁለቱ ለሸማቾች ጉዳይ ቢሮ በቀረበ አንድ ማመልከቻ ላይ ፈረሙ፤ የመጀመሪያው ፊርማ የሾፌሩ ነው። ከማመልከቻው ጋር የደብዳቤው ግልባጭ፣ ያልተፈረመው ቅጽና የመጽሔቱ ገጽ አራት ተያያዙ። የሰኞውን ስብሰባ ከሰሙት አሥራ አራት ሠራተኞች አሥራ ሁለቱ «አላስታውስም» አሉ። አንዱ ስልኩን ዘጋ። የመስማቱን ቃል በጽሑፍ የሰጠው የመጋዘኑ ኃላፊ ብቻ ነው፤ እሱም በወሩ ከሥራ ተሰናበተ።

ድርጅቱ ለማመልከቻው በአራት መስመር መልስ ሰጠ፤ ቃሉን የሰጠችው የቀድሞ ሠራተኛ በግሏ ነው የሚል ነው። ስለ ደብዳቤው አንድ ቃል አልተነፈሰም። የተቀሩት አርባ ካርቶኖች እትዬ ሞክሩት ወደማትታወቅበት ሌላ ቅርንጫፍ ተጭነው ሄዱ፣ እዚያ ተሸጡ። በዘጠናኛው ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አገልግሎቱ ተዘጋ። ሾፌሩ በዚያ ጠዋት ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ባለቤታቸው ቴሌቪዥኑን አጠፉባቸው።

እትዬ ሞክሩት በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ የሸማቾች ጉዳይ ቢሮ ትሄዳለች። መዝገብ ያዡ ከሩቅ ያውቃታል።

«እትዬ፣ ገና ነው። አይሰለችዎትም እንዴ?»

«ይሰለቸኛል። ግን እናንተ ቀድማችሁ ትሰለቻላችሁ።»

አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ሥራ አስኪያጁ መጋዘኑን በጊዜ ባዶ አድርጓል ተብሎ የስድስት ቅርንጫፎች የበላይ ሆኗል። እትዬ ሞክሩትና የመጋዘኑ ኃላፊ ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። ድርጅቱ አንድም ማሽን አልተረከበም፣ ለአንድም ቤተሰብ ገንዘቡን አልመለሰም። ቢሮው እስካሁን አልወሰነም።